ከውኃ ሜዘር ልኬት የጥቁር ጉድጓድን መጠነ ቁስና የጋላክሲን ርቀት ማስላት፦ ዝርዝር መመሪያ

በአንዳንድ ንቁ ጋላክሲዎች ማዕከል ጥቁር ጉድጓዱን የሚዞር ቀጭን የጋዝ ዲስክ አለ። በዚያ ዲስክ ውስጥ ያለው የውኃ ሞለኪውል በ22.235 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ጨረርን አጉልቶ ይለቃል፤ ይህም የውኃ ሜዘር ይባላል። ጨረሩ ከጠባብ ቦታና በጠባብ የድግግሞሽ ክልል ስለሚወጣ፣ የዲስኩን ፍጥነትና ስፋት በሚያስደንቅ ጥራት ለመለካት ያስችላል። የሚያስፈልገው ሒሳብ ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ብዙም የራቀ አይደለም። ሆኖም ሞካሪዎች ደጋግመው የተሳሳተ ውጤት ላይ ይደርሳሉ፤ ስህተቱም በአብዛኛው የሚፈጠረው ገና ቀመሩ ጋ ሳይደረስ፣ ድግግሞሽ ወደ ፍጥነት ሲቀየር፣ ነጥቦቹ (በዲስኩ ላይ ጨረሩ የሚወጣባቸው ቦታዎች) በምድብ ሲለዩና የዲስኩ ማዕከል ሲገመት ነው። ስለዚህ መመሪያው በእነዚህ ሥራዎች ላይ ረዘም ብሎ ይቆያል፤ ቀመሩን ግን ፈጥኖ ያልፋል።

ምሳሌ የምንወስደው ኤንጂሲ 4258 የተባለውን ጋላክሲ ነው። ዲስኩ ንጹሕ፣ ጨረሩ ብርቱ፣ ውጤቱም በሌሎች ተመራማሪዎች ደጋግሞ የተረጋገጠ ስለሆነ፣ የራስዎን አሠራር ለመፈተሽ ከእርሱ የተሻለ የለም። በስሌቶቹ ውስጥ የምንጠቀምባቸው የፍጥነትና የማዕዘን ቁጥሮች ለልምምድ እንዲመቹ የተጠጋጉ ናቸው፤ ለጥናት ሥራ በራስዎ የተለኩትን ይተኩ።

ከመጀመርዎ በፊት

ሦስት ዓይነት መረጃ አለ። የትኛው እንዳለዎት አስቀድመው ይለዩ፤ ምን ማውጣት እንደሚችሉ የሚወስነው እርሱ ነውና።

የመጀመሪያው በአንድ ትልቅ አንቴና፣ ለምሳሌ በግሪን ባንክ ወይም በኤፍልስበርግ 100 ሜትር ቴሌስኮፕ፣ የተወሰደ ሰፊ ስፔክትረም (የጨረሩ ብርታት በየድግግሞሹ) ነው። ሁለተኛው ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተራርቀው በሚገኙ አንቴናዎች ጥምረት፣ ማለትም በቪኤልቢአይ ዘዴ፣ የተሠራ የነጥቦች አቀማመጥ ካርታ ነው። ሦስተኛው በተለያዩ ወራት የተወሰዱና ቢያንስ አንድ ዓመት የሚሸፍኑ ተከታታይ ስፔክትረሞች ናቸው። ስፔክትረም ብቻ ካለዎት ዲስክ ስለመኖሩ ጥርጣሬ ከማንሳት አያልፉም። ካርታ ሲጨመርበት፣ ርቀቱን ከሌላ ምንጭ ካገኙ፣ የጥቁር ጉድጓዱን መጠነ ቁስ ያወጣሉ። ሦስቱም ከተሟሉ ርቀቱንም ራሱን ያሰላሉ።

እነዚህን ቋሚዎች ከፊትዎ ያስቀምጡ፦

- የመስመሩ መነሻ ድግግሞሽ፦ 22235.08 ሜጋኸርዝ
- የብርሃን ፍጥነት፦ በሰከንድ 299792.458 ኪሎ ሜትር
- የስበት ቋሚ፦ 0.0043009፣ አሃዱም ፓርሴክ (የርቀት አሃድ፣ 3.26 የብርሃን ዓመት ገደማ) × (ኪ.ሜ/ሰ)² ÷ የፀሐይ መጠነ ቁስ
- 1 ሚሊአርክሰከንድ (የአርክሰከንድ አንድ ሺህኛ፤ አርክሰከንድ የዲግሪ 1/3600 ነው)፦ 4.848 × 10⁻⁹ ራዲያን
- 1 (ኪ.ሜ/ሰ)² በፓርሴክ፦ በዓመት 1.0227 × 10⁻⁶ ኪ.ሜ/ሰ የፍጥነት ለውጥ

ማስጠንቀቂያ፦ ስሌቱን በሜትርና በኪሎግራም አይጀምሩ። ቁጥሮቹ ከ30 በላይ ዜሮዎች ይዘው ስለሚመጡ አንድ ዜሮ ቢወድቅ አይታይም። ከላይ ባሉት አሃዶች ከሠሩ ግን ውጤቱ ሲዛባ ወዲያውኑ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ደረጃ 1፦ ጋላክሲው ለዚህ ሥራ የሚሆን መሆኑን ይፈትሹ

የውኃ ሜዘር ሁሉ ከዲስክ አይመጣም። አንዳንዱ ከማዕከሉ የሚወረወር የጋዝ ፍላጻ በዙሪያው ካለ ጋዝ ጋር ሲጋጭ የሚፈጠር ነው፤ በኤንጂሲ 1052 የሚታየው ዓይነት። አንዳንዱ ወደ ውጭ ከሚነፍስ ጋዝ ይመጣል፤ በሰርሲነስ ጋላክሲ ዲስኩም ነፋሱም አብረው ይታያሉ። ደከም ያለው ደግሞ ከማዕከሉ ጋር ጨርሶ ሳይገናኝ ከዋክብት ከሚወለዱበት አካባቢ ሊወጣ ይችላል። የግሪን ባንክ ቴሌስኮፕ በዚህ ድግግሞሽ የሚያየው ክብ ወደ 33 አርክሰከንድ ስፋት ስላለው፣ ጨረሩ ከጋላክሲው የትኛው ክፍል እንደመጣ በአንድ አንቴና ብቻ መለየት አይቻልም።

1. የጨረሩን ኃይል ያስሉ። ቀመሩ፦ ኃይል በፀሐይ ብርሃን ልክ = 0.023 × በስፔክትረሙ ሥር ያለው ስፋት በጃንስኪ·ኪ.ሜ/ሰ × የርቀት ካሬ በሜጋፓርሴክ (ጃንስኪ የሬዲዮ ጨረር ብርታት አሃድ ነው፤ 1 ሜጋፓርሴክ አንድ ሚሊዮን ፓርሴክ ነው)። ለምሳሌ በ50 ሜጋፓርሴክ ርቀት ያለና በስፔክትረሙ ሥር ያለው ስፋት 1 የሆነ ምንጭ ወደ 58 የፀሐይ ብርሃን ያህል ይሆናል። ከ10 በላይ የሆነው በተለምዶ ሜጋሜዘር ይባላል፤ ከጋላክሲው ማዕከል የመምጣቱ ዕድልም ሰፊ ነው። ቀመሩ ጨረሩ በሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚሠራጭ አድርጎ ይወስዳል፤ ሜዘር ግን እንደዚያ አያደርግም። ስለዚህ ቁጥሩን ለማነጻጸሪያ ብቻ ይጠቀሙበት።

2. በስፔክትረሙ ላይ ሦስት ቡድኖችን ይፈልጉ፦ በጋላክሲው የራሱ ፍጥነት አካባቢ ያለ የመካከል ቡድን፣ ከእርሱ በብዙ መቶ ኪ.ሜ/ሰ ወደ ቀይ የሸሸ (ከእኛ የሚርቅ) ቡድን፣ ወደ ሰማያዊ የሸሸ (ወደ እኛ የሚመጣ) ቡድን። የሦስቱ መኖር በዳር በኩል የምናየው ዲስክ ምልክት ነው። የመካከሉ ቡድን ከጥቁር ጉድጓዱ ፊት ለፊት ካለው የዲስክ ክፍል የሚመጣ ሲሆን፣ ሁለቱ ጎኖች ደግሞ ጋዙ በቀጥታ ወደ እኛ ከሚመጣበትና ከእኛ ከሚርቅበት ጫፍ ናቸው።

አንዱ ጎን ከጠፋ፦ ተስፋ አይቁረጡ። ሁለቱ ጎኖች እኩል መብራት የለባቸውም፤ በኤንጂሲ 4258 እንኳ ቀዩ ጎን ከሰማያዊው እጅግ ይበረታል። የጠፋው ጎን በሚጠበቅበት ፍጥነት ላይ ጫጫታውን (ሲግናሉን የሚሸፍነውን የዘፈቀደ መዋዠቅ) የሚቀንስ ረዘም ያለ ምልከታ ያድርጉ። ያም ሆኖ ካልታየ መጠነ ቁሱን ማውጣት ይቻላል፤ የማዕከሉ ቦታ ግን በእጅጉ ስለሚላላ ያንን በስህተት ወሰኑ ውስጥ ያስገቡ።

ደረጃ 2፦ ስፔክትረሙን በበቂ ስፋት ይውሰዱ

በዚህ መስመር ላይ 1 ኪ.ሜ/ሰ ማለት 74.17 ኪሎኸርዝ ነው። ጎኖቹ በ1000 ኪ.ሜ/ሰ ወዲያና ወዲህ የሚገኙ ከሆነ ከዳር እስከ ዳር 148 ሜጋኸርዝ ይሸፍናሉ። መቀበያውን በ100 ሜጋኸርዝ ከወሰኑት የመካከሉን ቡድን ብቻ አይተው ጋላክሲው ዲስክ የለውም ብለው ይሄዳሉ። ቢያንስ 200 ሜጋኸርዝ ይክፈቱ፤ የጋላክሲው ጥቁር ጉድጓድ ምን ያህል እንደሆነ ካልታወቀ ከዚያም በላይ ያስፋፉ። የእያንዳንዱ ቻናል (ስፔክትረሙ የሚከፋፈልበት ጠባብ የድግግሞሽ ክፍል) ስፋት ግን ከ1 ኪ.ሜ/ሰ ማነስ አለበት፤ በ25 ኪሎኸርዝ አካባቢ፣ ማለትም በ0.34 ኪ.ሜ/ሰ ገደማ፣ ቢሆን መልካም ነው።

የአንቴናውን አነጣጠር በየሰዓቱ ገደማ ያርሙ። በ33 አርክሰከንድ ክብ ላይ 10 አርክሰከንድ ብቻ ቢያዘነብል ከጨረሩ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይጠፋል። የአየሩ እርጥበትም ወሳኝ ነው፦ የምንፈልገውን ጨረር የሚያወጣው ሞለኪውል በራሳችን ከባቢ አየር ውስጥም አለ፤ በዚያው ድግግሞሽ አካባቢ ይመጥጣል፣ ጫጫታም ይጨምራል። ደረቅና ቀዝቃዛ ወቅትን ይምረጡ፤ የአየሩን መጦ የማስቀረት መጠን በእያንዳንዱ ምልከታ ይመዝግቡ።

የስፔክትረሙ ወለል ከተወዛወዘ፦ በአንቴናው መዋቅር ላይ የሚንጸባረቅ ጨረር ወለሉን ቀስ ብሎ ያነሳዋል፣ ይጥለዋልም። ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ለስላሳ መስመር ሜዘር በሌለበት ክፍል ላይ አስማምተው ይቀንሱ። ከፍ ያለ ደረጃ ያለው ኩርባ አይጠቀሙ፤ ደካማውንና ሰፊውን ሜዘር አብሮ ይውጠዋል።

ደረጃ 3፦ ድግግሞሽን ወደ ፍጥነት ይቀይሩ

አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ስለዚህ አይቸኩሉ።

1. *የፍጥነቱን ፍቺ ይወስኑ።* ሁለት ልማዶች አሉ። በሬዲዮ ልማድ የድግግሞሹ ልዩነት ለመነሻው ድግግሞሽ ይካፈላል፤ በኦፕቲካል ልማድ ደግሞ ለተለካው ድግግሞሽ ይካፈላል። ከዚያ በሁለቱም በብርሃን ፍጥነት ይባዛል። አንድ ቻናል በ22200.00 ሜጋኸርዝ ላይ ቢሆን ልዩነቱ 35.08 ሜጋኸርዝ ነው። በሬዲዮ ልማድ 472.98 ኪ.ሜ/ሰ፣ በኦፕቲካል ልማድ 473.73 ኪ.ሜ/ሰ ያገኛሉ። ለኤንጂሲ 4258 ልዩነቱ ከ1 ኪ.ሜ/ሰ በታች ስለሆነ ስህተቱ ተደብቆ ያልፋል። በ3300 ኪ.ሜ/ሰ በሚርቅ ጋላክሲ ግን 36 ኪ.ሜ/ሰ ገደማ፣ በ10000 ኪ.ሜ/ሰ በሚርቀው ደግሞ ወደ 323 ኪ.ሜ/ሰ ይደርሳል። አሠራራቸውን በቅርቡ ጋላክሲ ላይ ፈትነው ወደ ሩቆቹ የሚሻገሩ ሰዎች ድንገት የሚሰናከሉት በዚህ ምክንያት ነው።

2. *የማጣቀሻ ማዕቀፉን ይወስኑ።* ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትጓዝ በዓመቱ ውስጥ እስከ 30 ኪ.ሜ/ሰ ወዲያና ወዲህ ፍጥነትን ታዛባለች፤ በራሷ ዛቢያ ስትሽከረከር ደግሞ እስከ ግማሽ ኪ.ሜ/ሰ ገደማ። ሁሉንም ስፔክትረም ወደ አንድ ማዕቀፍ፣ ማለትም ወደ ፀሐይ ሥርዓት የክብደት ማዕከል ወይም በአካባቢያችን ወዳሉት ከዋክብት አማካይ እንቅስቃሴ፣ ያምጡ። በሁለቱ ማዕቀፎች መካከል ያለው ልዩነት እንደ አቅጣጫው እስከ 20 ኪ.ሜ/ሰ ይደርሳል። የትኛውንም መምረጥ ይችላሉ፤ የተከለከለው መቀላቀል ነው። ከፋይሉ አናት ላይ ያለውን መግለጫ ሳያነቡ የሌላ ሰው ስፔክትረም ከራስዎ ጋር አያጣምሩ።

3. *የጋላክሲውን መራቅ ያርሙ።* በሩቅ ጋላክሲ ላይ በስፔክትረሙ የሚታየው የፍጥነት ልዩነት በዲስኩ ውስጥ ካለው እውነተኛ ልዩነት ጋር እኩል አይደለም። በኦፕቲካል ልማድ የተገኘውን ልዩነት ለ(1 + ቀይ ሽግግር) ያካፍሉ (ቀይ ሽግግር በኦፕቲካል ልማድ የተገኘው የጋላክሲው የመራቅ ፍጥነት ለብርሃን ፍጥነት ሲካፈል የሚገኘው ነው)፤ በሬዲዮ ልማድ ከሆነ በዚያው ያባዙ። በ10000 ኪ.ሜ/ሰ ይህ እርማት 3.3 በመቶ ነው። ፍጥነት በቀመሩ ውስጥ በካሬ ስለሚገባ መጠነ ቁሱ ላይ 7 በመቶ ገደማ ይሆናል።

4. *የአንጻራዊነት እርማቱን አይርሱ።* በኤንጂሲ 4258 ዲስክ ውስጥ የስበትና የፍጥነት ተጽዕኖ ተደምረው ሁሉንም ነጥቦች፣ እንደ ራዲየሳቸው፣ ከ3 እስከ 6 ኪ.ሜ/ሰ ያህል ወደ ቀይ ይገፋሉ። ለመጀመሪያ ሙከራ ሊያልፉት ይችላሉ፤ ርቀትን በጥቂት በመቶ ጥራት ማውጣት ከፈለጉ ግን የግድ ነው።

መፈተሻ፦ ሥራውን ከመቀጠልዎ በፊት በተለያዩ ወራት የተወሰዱ ሁለት ስፔክትረሞችን ደራርበው ይዩ። የጎን ቡድኖቹ ነጥቦች በአንድ ፍጥነት ላይ መቀመጥ አለባቸው። ቀዩም ሰማያዊውም በአንድነት ወደ አንድ ወገን ከተንሸራተቱ የምድር እንቅስቃሴ አልታረመም ማለት ነው፤ ወደ ንዑስ ቁጥር 2 ይመለሱ።

ደረጃ 4፦ የነጥቦቹን አቀማመጥ ያውጡ

በቪኤልቢአይ መረጃ ላይ ከሜዘሩ ብርቱውን ነጥብ የሞገድ ፌዝ ማጣቀሻ ያድርጉት፤ የሌሎቹም ነጥቦች ቦታ ከእርሱ አንጻር ይለካል። ሜዘሩ ለዚህ የሚደክም ከሆነ በሰማይ ላይ በቅርበት ያለ ኩዌዛርን (እጅግ የሚያበራ የሩቅ ጋላክሲ ማዕከልን) ይጠቀሙ። ማጣቀሻው ከአንድ ነጥብ ብቻ የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሁለት ነጥቦች የተደባለቁበት ቻናል ከሆነ ጉድለቱ ወደ ካርታው ሁሉ ይተላለፋል።

የአንድ ነጥብ የቦታ ስህተት በግምት የምስሉ ጥራት ስፋት (ምስሉ ለይቶ የሚያሳየው ትንሹ ማዕዘን) ለ2 እና ለሲግናል ከጫጫታ ጥምርታ ተካፍሎ ይገኛል። ጥራቱ 0.5 ሚሊአርክሰከንድ፣ ሲግናሉ የጫጫታው 25 እጥፍ ቢሆን 0.01 ሚሊአርክሰከንድ ያገኛሉ። ነገር ግን ይህ የጫጫታው ድርሻ ብቻ ነው። የማጣቀሻው ነጥብ በሰማይ ላይ ያለው ትክክለኛ ቦታ በ10 ሚሊአርክሰከንድ ከተሳሳተ፣ ከእርሱ በ1000 ኪ.ሜ/ሰ የሚለይ ነጥብ 0.033 ሚሊአርክሰከንድ ያህል ይንሸራተታል፤ ይህም ከጫጫታው ስህተት በሦስት እጥፍ ይበልጣል። ሽርተቴው ከድግግሞሹ ጋር አብሮ ስለሚያድግ ካርታው ያማረ መስሎ ይታያል፤ ጎኖቹ ግን ከመካከሉ ተነጥለው ተገፍተዋል። ስለዚህ ካርታ ከመሥራትዎ በፊት የማጣቀሻውን ቦታ ቢያንስ በ1 ሚሊአርክሰከንድ ጥራት ይወቁ።

ደረጃ 5፦ ነጥቦቹን በምድብ ይለዩና የኬፕለርን ኩርባ ያስማሙ

1. ነጥቦቹን ሁሉ በሰማይ ላይ ይሳሉ። ንጹሕ ዲስክ በዳር ሲታይ ሦስቱ ቡድኖች በአንድ መስመር አካባቢ ይደረደራሉ። ያንን መስመር ያስምሩና የእያንዳንዱን ነጥብ ርቀት በእርሱ ላይ ይለኩ። ዲስኩ የተጠማዘዘ ከሆነ መስመሩ በቀስታ ይጎብጣል፤ በኤንጂሲ 4258 እንዲህ ነው።

2. ከመስመሩ ርቀው የቆሙ ነጥቦችን ለብቻ ያስቀምጡ። አይሰርዟቸው፤ ነገር ግን ምንጫቸው ነፋስ ወይም የጋዝ ፍላጻ ሊሆን ስለሚችል ወደ ዲስኩ ስሌት አያስገቧቸው።

3. ለጎን ቡድኖቹ ፍጥነትን ከማዕዘን ርቀት ጋር ያስማሙ። በኬፕለር ሕግ የፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ በማዕዘን ርቀቱ ቋሚ ቁጥር ይሰጣል። በምሳሌያችን በ4.6 ሚሊአርክሰከንድ ላይ ፍጥነቱ 1000 ኪ.ሜ/ሰ ቢሆን ቋሚው 4.6 ሚሊዮን ነው፤ ስለዚህ በ6 ሚሊአርክሰከንድ 876፣ በ8 ሚሊአርክሰከንድ 758 ኪ.ሜ/ሰ መገኘት አለበት።

4. ቋሚውን፣ የማዕከሉን ቦታና የጋላክሲውን የራሱን ፍጥነት አንድ ላይ ነጻ አድርገው ያስማሙ። ጥቁር ጉድጓዱ በሜዘር ካርታ ላይ አይታይም። የመካከሉን ቡድን አማካይ ቦታ ማዕከል አድርጎ መውሰድ የተለመደ ነው፤ ትክክል ግን አይደለም።

ቀዩና ሰማያዊው የተለያየ መጠነ ቁስ ከሰጡ፦ ወይ ማዕከሉ፣ ወይ የጋላክሲው ፍጥነት ተሳስቷል። የትኛው እንደሆነ ራዲየሱ ይነግርዎታል። ማዕከሉ በ0.3 ሚሊአርክሰከንድ ቢዛነፍ ስህተቱ በ4.6 ላይ 6.5 በመቶ፣ በ8 ላይ ደግሞ ከ4 በመቶ በታች ነው፤ ወደ ውጭ በሄዱ ቁጥር ይቀንሳል። ፍጥነቱ በ20 ኪ.ሜ/ሰ ቢዛነፍ ግን በ4.6 ላይ 4 በመቶ፣ በ8 ላይ 5.3 በመቶ ነው፤ ወደ ውጭ ሲሄዱ ይጨምራል። የሁለቱን ጎኖች ልዩነት ከራዲየስ ጋር ይሳሉትና መስመሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ይዩ። በእኔ ግምት በዚህ ሥራ ውስጥ ከዚህ ሥዕል የበለጠ ጊዜ የሚቆጥብ መሣሪያ የለም።

ኩርባው ከኬፕለር ሕግ ካፈነገጠ፦ ፍጥነት በራዲየስ ካሬ ሥር ተቃራኒ ካልቀነሰ፣ መጠነ ቁሱ ሁሉ በመሐል አልተከማቸም ወይም ጋዙ በነጻነት አይዞርም። በኤንጂሲ 1068 ፍጥነቱ ከሚጠበቀው ባነሰ መጠን፣ በራዲየስ ኃይል −0.31 አካባቢ ነው የሚቀንሰው። እንዲህ ሲሆን በቀላሉ ቀመር የተገኘውን ቁጥር የጥቁር ጉድጓዱ መጠነ ቁስ ነው ብለው አያቅርቡ።

ደረጃ 6፦ መጠነ ቁሱን ያስሉ

ርቀቱን ከሌላ ምንጭ ከያዙ ሥራው አጭር ነው። ርቀቱ 7.6 ሜጋፓርሴክ ቢሆን 1 ሚሊአርክሰከንድ 0.0368 ፓርሴክ ይሆናል፤ ስለዚህ 4.6 ሚሊአርክሰከንድ 0.1695 ፓርሴክ ነው። መጠነ ቁስ = የፍጥነት ካሬ × ራዲየስ ÷ የስበት ቋሚ፦ 1,000,000 × 0.1695 ÷ 0.0043009 = 39.4 ሚሊዮን የፀሐይ መጠነ ቁስ። በሕትመት ከሚታወቀው ወደ 40 ሚሊዮን ከሚጠጋው ዋጋ ጋር ይስማማል።

ዲስኩ ሙሉ በሙሉ በዳር የማይታይ ከሆነ የተለካው ፍጥነት ከእውነተኛው ያንሳል፤ ስለዚህ መጠነ ቁሱን ለዘንበል ማዕዘኑ ሳይን ካሬ ያካፍሉ። በ80 ዲግሪ ይህ 3 በመቶ ብቻ ይጨምራል። የርቀቱ ስህተት ግን ሳይቀነስ በቀጥታ ወደ መጠነ ቁሱ ይተላለፋል፦ ርቀቱ በ10 በመቶ ከተሳሳተ መጠነ ቁሱም እንዲሁ።

ደረጃ 7፦ የመካከሉን ቡድን የፍጥነት ለውጥ ይከታተሉ

ከጥቁር ጉድጓዱ ፊት ለፊት ያለው ጋዝ ወደ ማዕከሉ የሚሳበው በቀጥታ በእይታ መስመራችን ላይ ስለሆነ ፍጥነቱ ከዓመት ዓመት ይጨምራል። በኤንጂሲ 4258 ለውጡ በዓመት ከ8 እስከ 10 ኪ.ሜ/ሰ ነው። በጎኖቹ ላይ ደግሞ ወደ ዜሮ ይጠጋል። በግልጽ ከዜሮ የራቀ ለውጥ የሚያሳይ የጎን ነጥብ ካገኙ ከዲስኩ ጫፍ ወጣ ብሎ የቆመ ነው፤ በደረጃ 5 የለካነው ርቀቱም ከእውነተኛው ራዲየስ ያንሳል ማለት ነው።

1. በእያንዳንዱ ስፔክትረም የመካከሉን ቡድን ወደ ነጠላ ጉብታዎች ይከፋፍሉ፤ የእያንዳንዱንም ፍጥነትና ከፍታ ይመዝግቡ።

2. ፍጥነትን ከቀን ጋር ይሳሉ። ነጥቦቹ ወደ ላይ የሚያዘነብሉ ትይዩ መስመሮች ሆነው መታየት አለባቸው። የእያንዳንዱ መስመር ተዳፋት የፍጥነት ለውጡ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ጉብታዎቹ በ1 ኪ.ሜ/ሰ ልዩነት የተደረደሩ ከሆነና ለውጡ በዓመት 9 ኪ.ሜ/ሰ ከሆነ፣ አንዱ ጉብታ የጎረቤቱን ቦታ ለመያዝ 40 ቀን ገደማ ይበቃዋል። በሁለት ምልከታዎች መካከል ከዚያ የረዘመ ክፍተት ካለ አንዱን በሌላው ተክተው ያነባሉ፤ የሚያገኙት መስመርም ቀጥ ያለና አሳማኝ፣ ነገር ግን ሐሰተኛ ይሆናል። በየወሩ ይለኩ። ክፍተት ካጋጠመ ጉብታዎችን ነጥለው ከማገናኘት ይልቅ የቡድኑን ቅርጽ ሁሉ በአንድነት በተለያየ የለውጥ መጠን ያስማሙ፤ ከዚያ በከፍታቸውና በስፋታቸው ያረጋግጡ። አንድ ጉብታ በድንገት ከጠፋ መስመሩን እዚያው ያቁሙ፤ በኋላ ከሚመጣ ሌላ ጉብታ ጋር በግምት አይቀጥሉት።

ደረጃ 8፦ ርቀቱን ያስሉ

አሁን ያለ ማንም ሌላ የርቀት መለኪያ ርቀቱን ማውጣት ይቻላል። ሦስት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፦ ከደረጃ 5 የኬፕለር ቋሚ፣ ከካርታው የመካከሉ ቡድን ፍጥነት በማዕዘን የሚቀየርበት ተዳፋት፣ ከደረጃ 7 የፍጥነት ለውጡ። ለልምምድ 4.6 ሚሊዮን፣ በሚሊአርክሰከንድ 278 ኪ.ሜ/ሰ፣ በዓመት 8.4 ኪ.ሜ/ሰ እንውሰድ።

1. የመካከሉ ቡድን የሚገኝበትን ራዲየስ በማዕዘን ያግኙ። ተዳፋቱ የዙረት ፍጥነቱ ለማዕዘን ራዲየሱ ተካፍሎ የሚገኘው ስለሆነ፣ ቋሚው ለተዳፋቱ ካሬ ሲካፈል የራዲየሱን ኪዩብ ይሰጣል፦ 4,600,000 ÷ 77,284 = 59.5። ኪዩብ ሥሩ 3.904 ሚሊአርክሰከንድ ነው።

2. የዙረት ፍጥነቱን ያግኙ፦ 278 × 3.904 = 1085 ኪ.ሜ/ሰ።

3. ራዲየሱን በፓርሴክ ያግኙ። የፍጥነት ካሬ ሲካፈል ለፍጥነት ለውጡ ራዲየስ ይሰጣል፤ አሃዱንም በ1.0227 × 10⁻⁶ ያስተካክላሉ። ውጤቱ 0.1433 ፓርሴክ ነው።

4. ይህን ለማዕዘኑ በራዲያን ያካፍሉ። 3.904 ሚሊአርክሰከንድ 1.893 × 10⁻⁸ ራዲያን ስለሆነ ርቀቱ 7.57 ሜጋፓርሴክ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎቹ ሪድ፣ ፔሼና ሪስ ያሳተሙት ዋጋ 7.576 ሜጋፓርሴክ ነው፤ የስህተት ወሰኑም ከጫጫታ 0.082፣ ከአሠራር 0.076። የእርስዎ ውጤት በተጠጋጉ ቁጥሮች ከዚህ ጋር መቀራረቡ ሰንሰለቱ በትክክል መያያዙን ብቻ ያሳያል፤ ጥራትዎ የእነርሱን ያህል መድረሱን አያሳይም። እነርሱ የዲስኩን መጠማዘዝ፣ የዘንበሉን ማዕዘንና የምሕዋሮቹን ከክብነት መውጣት ከሌሎቹ ቁጥሮች ጋር በአንድ ሞዴል አስማምተዋል።

ውጤቱ ከሚጠበቀው ከራቀ፦ የትኛውን ቁጥር ቀድመው መጠርጠር እንዳለብዎ ቀመሩ ራሱ ይጠቁማል። የተዳፋቱ 5 በመቶ ስህተት ርቀቱን በ6.7 በመቶ ያዛባል፤ የፍጥነት ለውጡ 5 በመቶ ስህተት በዚያው በ5 በመቶ፤ የኬፕለር ቋሚው 5 በመቶ ስህተት ግን በ1.7 በመቶ ብቻ። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ተዳፋቱ ይመለሱ። የመካከሉ ቡድን ነጥቦች ሁሉም በአንድ ራዲየስ ላይ አይደሉም፤ በተለያየ የፍጥነት ለውጥ የሚንቀሳቀሱትን ደባልቀው በአንድ መስመር ካስማሙ ተዳፋቱ ይዛባል። የፍጥነት ለውጣቸው የሚቀራረብ ነጥቦችን በቡድን ለይተው ለእያንዳንዱ ቡድን ራዲየስና ርቀት ለብቻ ያስሉ፤ ርቀቶቹ በስህተት ወሰናቸው ውስጥ ካልተስማሙ ዲስኩን ክብና ጠፍጣፋ አድርጎ የሚወስደው ሞዴል ለዚያ ጋላክሲ አይበቃም።

ውጤቱን ሲጽፉ ከቁጥሩ ጎን የተጠቀሙበትን መነሻ ድግግሞሽ፣ የፍጥነት ፍቺ፣ የማጣቀሻ ማዕቀፍ፣ የማጣቀሻ ነጥቡን የሰማይ ቦታ፣ ከዲስኩ ስሌት ያስወጧቸውን ነጥቦችና ያስወጡበትን ምክንያት ያስፍሩ። የጫጫታውን ስህተትና የአሠራሩን ስህተት በየራሳቸው ያስቀምጡ፤ አንድ ላይ ደምረው አይደብቋቸው።